«ለሚደርሰው አደጋ ኃላፊነት አንወስድም» ይላል ታፔላው

ትምህርት ሲዘጋ ወደዚህ ዓምድ የሚመጣው ደብዳቤ ጠባዩ ይቀየራል። የቤት ኪራዩና የውርሱ ነገር ረገብ ይልና የልጆች ጉዳይ ይበዛል። ዘንድሮ ደግሞ አብዛኛው ስለ ውሃ ነው። ገንዳ ውስጥ የሰጠመ፣ ገንዳ ውስጥ የተገፈተረ፣ ውሃ ካቆረ ጉድጓድ ዳር የሚጫወት ልጅ። ደብዳቤዎቹን አሳጥሬያቸዋለሁ፤ የሆቴልም የትምህርት ቤትም የሰውም ስም ሰርዣለሁ። አንዳንዱን ሳነብ ቡናዬ ቀዝቅዞብኛል፣ አልዋሻችሁም።

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ። ልጄ 5 ዓመቱ ነው። ከአራት ወር በፊት እሑድ ዕለት ከእህቴና ከልጆቿ ጋር አዲስ አበባ ውስጥ አንድ ሆቴል ዋና ሄድን። ለእያንዳንዳችን ከፍለን ነው የገባነው። እህቴ ልብስ ልትቀይር ሄደች፣ እኔ ስልክ ተደወለልኝ፣ ሁለት ደቂቃ አይሞላም። ዞር ስል ልጄ የለም። ከትልቁ ገንዳ ውስጥ ያወጣው ሊዋኝ የመጣ ወጣት ነው እንጂ የሆቴሉ ሰው አይደለም። ነፍስ አድን የሚባለው ሠራተኛ ለእንግዶች ፎጣ ሊያመጣ ሄዶ ነበር አሉ። ልጄ ዘጠኝ ቀን ጽኑ ሕሙማን ክፍል ተኝቶ ተረፈ፣ ተመስገን። ግን እንደ ድሮው አይናገርም፣ ቀኝ እጁም አይታዘዝለትም። ሥራ አስኪያጁን ሳናግረው ግድግዳው ላይ ያለውን ታፔላ አሳየኝ፦ «ሕፃናት በወላጆቻቸው ኃላፊነት ይዋኛሉ፤ ለሚደርሰው አደጋ ሆቴሉ ኃላፊነት አይወስድም» ይላል። የባለቤቴ ዘመዶች ደግሞ «አንቺ ነሽ» እያሉኝ ነው። እውነት ጥፋቱ የኔ ብቻ ነው?
(አንዲት እናት፣ ከአዲስ አበባ)

መልስ፦ ልጅሽን ፈጣሪ ይማርልሽ። «እርስዎ» ብዬ ጀምሬ ነበር፣ ቃሉ ራቀብኝ፣ ስለዚህ አንቺ እያልኩ ልጻፍልሽ።

ከመጨረሻው ጥያቄሽ ልነሳ። ያንቺ ብቻ አይደለም። ጭራሽ ያንቺ ላይሆንም ይችላል።

ስለዚያች ሁለት ደቂቃ አንድ ነገር ልንገርሽ። ከጥቂት ዓመታት በፊት የእህቴን ልጅ ይዤ ገንዳ ሄጄ ነበር። እኔ ዋና አልችልም፣ ገንዳ ዳር ተቀምጬ ማኪያቶ የምጠጣ ሰው ነኝ። ልጁ 6 ዓመቱ ነው፣ ያለው የልጆች ገንዳ ውስጥ ነው፣ ከኔ አራት እርምጃ ቢርቅ ነው። ዓይኔ እያየው ነበር። ፊቱን ወደ ሰማይ ቀና፣ አፉን ከፈት አድርጎ እጆቹን ውሃው ላይ ጫን ጫን ሲያደርግ «ይሄ ልጅ እያበደ ነው» ብዬ ሳቅሁ። ጩኸት የለም። መንቦጫረቅ የለም። አጠገቡ የነበረች ሴትዮ በክንዱ ይዛ ብድግ ስታደርገው ነው ልጁ ይሰጥም እንደነበር የገባኝ። የሚሰጥም ልጅ እንደ ፊልም «ድረሱልኝ» አይልም። ለመጮህ ትንፋሽ ያስፈልጋል፣ እሱ ደግሞ የሚተነፍሰውም አላገኘም። እኔ ዓይኔን ሳልነቅል ያላየሁትን፣ ስልክ ባነሳች እናት ላይ ጠቅልለው ሲጭኑባት ደስ አይለኝም። ይህንን ጸጥታ እንዲያውቅ ተብሎ የሚቀጠር፣ ለዚሁ ደመወዝ የሚከፈለው ሰው ሌላ ነው።

አሁን ወደ ታፔላው። ሥራ አስኪያጆች ይቺን ታፔላ እንደ ክታብ ነው የሚያዩአት፣ ከተሰቀለች ምንም አይነካንም ይላሉ። በሕጋችን ግን ሰው በገዛ ጥፋቱ ለሚያደርሰው ጉዳት «አልጠየቅም» ብሎ አስቀድሞ ራሱን ነጻ ማውጣት አይችልም። ግድግዳ ላይ የተጻፈ ነገር ደግሞ ውል አይሆንም፣ አንቺ አልፈረምሽበትም፣ የ5 ዓመት ልጅ ደግሞ ማንበብም አይችል። ታፔላው ከንቱ ነው እያልኩ ግን አይደለም። ሆቴሉ «አስጠንቅቀን ነበር» ብሎ ይከራከርበታል፣ ዳኛውም ያየዋል። ማስጠንቀቂያ ሆኖ ይጠቅመዋል፣ መሸሸጊያ አይሆነውም።

የሚያከራክረው ዋናው ነገር ጥፋት አለ ወይስ የለም የሚለው ነው። የፍትሐ ብሔር ሕጉ አንቀጽ 2028 በጥፋቱ ሌላውን የጎዳ ሰው ኪሳራውን መካስ አለበት ይላል። አንቀጽ 2029 ደግሞ ጥፋት ማለት አንድን ነገር መሥራት ብቻ ሳይሆን መሥራት የሚገባን አለመሥራትም እንደሆነ ይነግረናል፣ በቸልተኝነትም ቢሆን። ብር ተቀብሎ ልጆችን ወደ ገንዳው የሚያስገባ ድርጅት ልጆች እንደሚመጡ ያውቃል ማለት ነው። ስለዚህ ዳኛው የሚጠይቀው ተጨባጭ ነገር ነው። የልጆቹ ገንዳ ከትልቁ በምን ተለየ? ጥልቀቱ ተጽፏል? ውሃው እስከ ሥሩ ይታያል? በዚያ ቀን ስንት ሰው ነበር፣ የሚጠብቀውስ ስንት ነበር? ልጁ ሲወጣ ትንፋሽ መስጠት የሚያውቅ ሠራተኛ ነበር? አንጎል አየር ካጣ ከአራት እስከ ስድስት ደቂቃ ባለው ጊዜ ውስጥ መጎዳት ይጀምራል፣ ስለዚህ ይህ የመጨረሻው ጥያቄ ከሁሉም ሊከብድ ይችላል።

ከደብዳቤሽ ውስጥ ትልቁ ዓረፍተ ነገር ግን የፎጣው ነው። እኔ ብሆን የክስ ማመልከቻውን በዚያ ነበር የምጀምረው። ሠራተኛው ሥራውን ሲሠራ ላደረሰው ጉዳት ቀጣሪው ይጠየቃል (አንቀጽ 2130)። ከዚያም በላይ ነፍስ አድኑን ፎጣ ያመላለሰው ማን ነው? ገንዳው ሰው እንዳለበት እያየ ቦታውን እንዲለቅ ያዘዘው፣ ወይም ይህን እንደ ልማድ የተወው አስተዳደር ከሆነ፣ ያ የሆቴሉ የራሱ ጥፋት ነው።

ያንቺ ስልክስ? ሆቴሉ ያነሳዋል፣ ተዘጋጂ። ሕጉ ተጎጂው ራሱ ጥፋት ካለበት ካሳው ሊቀነስ እንደሚችል ይናገራል (አንቀጽ 2098)። ግን እዚህ ጋ ቀጭን ነገር አለ፣ ብዙ ሰው ይዘለዋል። ተጎጂው ልጅሽ ነው። ከሳሹም እሱ ነው፣ አንቺና አባቱ በሞግዚትነት ስለ እሱ ትከሳላችሁ እንጂ ገንዘቡ የእሱ ነው። የእናትን ስልክ የልጁ ጥፋት አድርጎ ከልጁ ካሳ ላይ መቀነስ እኔ የምቀበለው ክርክር አይደለም። ሆቴሉ የሚችለው አንቺን ሦስተኛ ወገን አድርጎ ወደ ክሱ ማስገባትና «እሷም ትካፈል» ማለት ነው። ይህ ከመጣ የሚያስፈራ ይመስላል፣ የልጁን መብት ግን አያጠፋውም።

ስለ ካሳው መጠን ብዙ አትጠብቂ ብዬ ላስፈራራሽ አልፈልግም፣ ምክንያቱም ባንቺ ጉዳይ ትልቁ ገንዘብ ወደፊት የሚመጣው ነው። ሕጉ ካሳው ከጉዳቱ ጋር እኩል ይሁን ይላል፣ ወደፊት መድረሱ የማይቀር ጉዳትም እስኪደርስ ሳይጠበቅ እንዲካስ ይፈቅዳል (አንቀጽ 2091 እና 2092)። ፊዚዮቴራፒው፣ የንግግር ሕክምናው፣ የትምህርት ቤቱ ልዩ ድጋፍ፣ አንቺ ሥራ ትተሽ ከሆነ እሱም፣ አድጎ ሠርቶ ማግኘት የሚሳነውም ገቢ። በቁጥር ልክ ማስላት ሲያቅት ዳኛው በርትዕ፣ ማለትም ፍትሐዊ በመሰለው መጠን፣ ይቆርጣል (አንቀጽ 2102)። ስለዚህ ሐኪሙ «ወደፊት ምን ያስፈልገዋል» የሚለውን በጽሑፍ እንዲያስቀምጥልሽ ለምኚው። «ሕክምና ላይ ነው» ብቻ የሚል ወረቀት አይበቃም።

የሚያናድደው የኅሊና ካሳው፣ ለሐዘኑና ለስቃዩ የሚከፈለው ነው። አንቀጽ 2116 ለኅሊና ጉዳት የሚከፈለው ከ1,000 ብር እንዳይበልጥ ገድቧል። ሕጉ የወጣው በ1952 ዓ.ም. ነው፣ ያኔ ይህ ገንዘብ ገንዘብ ነበር። ዛሬ በ1,000 ብር ደህና ክትፎ ቤት ሁለት ሰው አይበላበትም። ገደቡ ግን አሁንም እዚያው ተቀምጧል።

ጊዜው። አንቀጽ 2143 ክስ ለማቅረብ ጉዳቱ ከደረሰ ጀምሮ 2 ዓመት ብቻ ነው የሚሰጥሽ። ድርጊቱ ወንጀልም ከሆነና ለወንጀሉ የተቀመጠው ይርጋ (የክስ ጊዜ ገደብ) ከዚያ ከረዘመ በረጅሙ መጠቀም ይቻላል፣ የመግቢያ ትኬት ስለቆረጣችሁ ደግሞ «ውል ነው» የሚል ክርክርም ሊነሳ ይችላል። አንቺ ግን በዚህ አትታመኚ፣ 2 ዓመቱን የመጨረሻ አጥር አድርጊው። አራት ወሩ አልፏል።

ዛሬውኑ ልታደርጊ የሚገባሽ፦ ልጁን ያወጣውን ወጣት ፈልጊና ስልኩን ያዢ፣ ምስክርሽ እሱ ነው። የሆስፒታሉን ካርድ ቅጂ፣ የከፈልሽበትን ደረሰኝ ወይም የሞባይል ክፍያውን መልእክት አስቀምጪ። ፖሊስ ያኔ የካሜራውን ምስል ወስዶ እንደሆነ ጠይቂ፣ ካሜራዎች በራሳቸው ላይ ደግመው ስለሚቀዱ ቶሎ ይጠፋል። እህትሽን ላኪና ገንዳውን ፎቶ ታንሳው። ይህን የምልሽ በምክንያት ነው፤ አንድ ቦታ ከአደጋ በኋላ በሳምንቱ ሄጄ «ጥልቀት 2.20 ሜ.» የሚል ጽሑፍ ግድግዳው ላይ አግኝቼ በጣቴ ስነካው ቀለሙ ገና ይለጠፍ ነበር። ለዳኝነት የሚከፈል ከሌለሽ በደኃ ደንብ ለመክሰስ ማመልከት ትችያለሽ።

ለባለቤትሽ ዘመዶች ደግሞ ይህንን ገጽ ስጫቸው።

ጥያቄ፦ ልጄ 11 ዓመቷ ነበር። ከትምህርት ቤቷ ጋር ከከተማ ውጭ ወዳለ ሎጅ ለሽርሽር ሄደች፣ አልተመለሰችም። 40 ለሚሆኑ ልጆች ሁለት መምህራን ብቻ ነበሩ፣ ከሁለቱም ዋና የሚችል የለም። አሁን ትምህርት ቤቱና ሎጁ ተስማምተው ሽማግሌ ልከውብኛል። 300,000 ብርና አንድ ወረቀት ይዘው ነው የመጡት። ወረቀቱ «ከእንግዲህ በወንጀልም ሆነ በፍትሐ ብሔር አንጠያየቅም» ይላል። ከሽማግሌዎቹ አንዱ የነፍስ አባቴ ናቸው። ምን ላድርግ?
(አንድ አባት)

መልስ፦ ነፍስ ይማር ወንድሜ። ሽማግሌ አይናቅም፣ የነፍስ አባትህንም አታሳፍር፣ ቡና አፍልተህ አስተናግዳቸው። ወረቀቱን ግን ዛሬ አትፈርም።

በመጀመሪያ «በወንጀልም» የምትለዋን እርሳት። በቸልተኝነት ሰው መግደል በወንጀል ሕጉ አንቀጽ 543 የሚያስቀጣ ነው፣ ክሱንም የሚያቀርበው ዐቃቤ ሕግ ነው። አንተ ይቅር ብትልም መንግሥት የጀመረው ምርመራ በፊርማህ አይዘጋም። ቅጣቱ በተራው ሰው ላይ ከ6 ወር እስከ 3 ዓመት ቀላል እስራት ወይም መቀጮ ነው። የሌላውን ሕይወት የመጠበቅ የሙያ ወይም ሌላ ግዴታ ያለበት ሰው ከሆነ ከ1 እስከ 5 ዓመት ይሆናል፣ ግልጽ የደንብ ጥሰት ካለበት ወይም ሁለትና ከዚያ በላይ ሰው ከሞተ ደግሞ ከ5 እስከ 15 ዓመት ጽኑ እስራት ድረስ ይሄዳል። ዳኛው ቅጣት ሲያቀል እርቅ መኖሩን ሊያይ ይችላል፣ ሽማግሌዎቹም የተላኩት ለዚሁ ጭምር ነው።

«በፍትሐ ብሔር» የምትለዋ ግን እውነተኛ ናት። ከፈረምክባት ታስርሃለች። ስለዚህ ምን እንደምትሸጥ አውቀህ ሽጥ።

ሁለቱም ተጠያቂ ሊሆኑ ይችላሉ፣ ሎጁ በገንዳው፣ ትምህርት ቤቱ በመምህራኑ ቁጥርና በመረጠው ቦታ። እንዲህ ሲሆን በአንድነትና በነጠላ ነው የሚጠየቁት፣ ማለትም ሙሉውን ከአንዱ መጠየቅ ትችላለህ፣ እርስ በርሳቸው ኋላ ይተሳሰቡ። ለሽርሽሩ የፈረምካት የፈቃድ ወረቀት ብዙ አታስጨንቅህ፣ ልጅህ እንድትሄድ ፈቀድክ እንጂ ሳትጠበቅ እንድትዋኝ አልፈቀድክም።

አሁን የሚያሳፍረኝን ልንገርህ። ለሞተች የ11 ዓመት ልጅ ፍርድ ቤቶቻችን የሚቆርጡት ገንዘብ ሽማግሌዎቹ ካመጡት ሊያንስ ይችላል። ወላጅ በራሱ ስም ካሳ መጠየቅ ይችላል (አንቀጽ 2095)፣ ካሳው ግን በቀለብ መልክ ስለሚታሰብ ገቢ ያልነበራት ሕፃን ላይ ክርክሩ ይከብዳል። የኅሊናው ካሳ ከላይ ያልኳት 1,000 ብር ናት። እኔ ባንተ ቦታ ብሆን ጠበቃ አቁሜ ወረቀቱን እንደገና አስጽፋለሁ፦ ገንዘቡ ለምን እንደተከፈለ ይገለጽ፣ የወንጀሉ ዓረፍተ ነገር ይውጣ፣ ትምህርት ቤቱም ከእንግዲህ ልጆችን ወደ ውሃ ሲወስድ ምን እንደሚያደርግ ይጻፍበት። የመጨረሻው ነጥብ ሕግ ያስገድደኛል ብዬ አይደለም። ሽማግሌዎቹን እዚያ ላይ ብትይዛቸው ግን እምቢ የሚሉ አይመስለኝም።

ጥያቄ፦ የ12 ዓመት ልጄ ሰው ልደት ላይ ጓደኛውን ገንዳ ውስጥ ገፈተረው። ልጁ ጠርዙ መታውና ሁለት የፊት ጥርሱ ተሰበረ። ጨዋታ ነው እኮ። ወላጆቹ የጥርስ ማሠሪያ 85,000 ብር ክፈል እያሉኝ ነው።
(የልጁ አባት፣ ከአዳማ)

መልስ፦ ክፈል።

ቁጥሩን መከራከር ትችላለህ፣ ከሁለት የጥርስ ሐኪም ዋጋ አምጡ በላቸው። መርሁን ግን አትከራከር። አካለ መጠን ያላደረሰ ልጅ ለሚያደርሰው ጉዳት አባት ይጠየቃል (አንቀጽ 2124)፣ «እኔ አልገፈተርኩም» አይሠራም። ሰውን በአካሉ ላይ የጎዳ ደግሞ ጥፋት ባይኖርበትም ይጠየቃል (አንቀጽ 2067)። ስፖርት ሲሠሩ ለሚደርስ ጉዳት ልዩ ሁኔታ አለ፣ ግን ልደት ላይ ሰው መገፍተር ስፖርት ነው ብሎ የሚቀበልህ ዳኛ የለም። ድግሱን ያዘጋጀው ሰው ገንዳ ዳር ማንንም ሳያቆም 15 ልጅ ለቆ ከነበረ እሱም ድርሻ አለው፣ በጨዋ ቋንቋ አነጋግረው።

ይህ ኃላፊነት አንዳንዴ ከአባት ይወጣል። ልጁ ትምህርት ቤት ባለበት ሰዓት ላደረሰው ጉዳት የትምህርት ቤቱ ኃላፊ ነው የሚጠየቀው። ያንተው ግን ልደት ላይ ነበር።

ጥያቄ፦ ሰፈራችን ለሕንጻ ተብሎ የተቆፈረ ጉድጓድ አለ። ሥራው ቆሞ ክረምቱ ገባ፣ አሁን ኩሬ ሆኗል። አጥሩ ቆርቆሮ ነበር፣ ወስደውታል። ልጆች ከትምህርት ቤት ስለማይውሉ እዚያ ነው የሚውሉት። ባለቤቱ «የግንባታ ፈቃድ አለኝ» ይላል። ገንዳ ባይሆንም ይጠየቃል?
(የሰፈሩ ነዋሪ፣ ከለሚ ኩራ)

መልስ፦ ጥያቄውን አደጋ ሳይደርስ በማንሳትዎ ተባረኩ። ከደረሱን ደብዳቤዎች እንዲህ ያለው ጥቂት ነው።

አዎ፣ ይጠየቃል፣ እንዲያውም ከገንዳው ባለቤት የባሰ። የመሬቱን ተፈጥሯዊ ሁኔታ በመለወጥ ያልተለመደ አደጋ የፈጠረ ሰው፣ አደጋው ሲደርስ ጥፋት ባይኖርበትም ይከፍላል (አንቀጽ 2069)። ፈቃድ ማግኘቱ አያድነውም፣ ሕጉ ይህን በግልጽ ብሎታል። የአዲስ አበባ እሳትና አደጋ ስጋት ሥራ አመራር ኮሚሽን በየክረምቱ ስለ እነዚህ ጉድጓዶች ይናገራል፣ ሠራተኞቹም የልጆች አስከሬን ሲያወጡ የምናየው ከገንዳ ይልቅ ከእነዚህ ነው።

ሁለት ገጽ ደብዳቤ ጻፉ፣ አሥር ሰው ይፈርምበት፣ ቀን ያለው ፎቶ አያይዙ። አንዱን ለባለቤቱ፣ አንዱን ለወረዳው ሰጥታችሁ ቅጂው ላይ «ተቀብያለሁ» አስብሉ። ነገ አንድ ነገር ቢሆን «አላወቅሁም» የሚለው መልስ በዚያች ማህተም ያልቃል። ብዙ ጊዜ ማህተሟን ሲያዩ ቆርቆሮው በማግስቱ ይመለሳል። የአደጋ ጊዜ ስልኩ 939 ነው፣ በራችሁ ላይ ለጥፉት።

ጥያቄ፦ ሰላም። የምኖረው ሲልቨር ስፕሪንግ ነው። የአፓርታማችን ገንዳ አጥር ሥር ክፍተት አለ። ባለፈው ሳምንት የጎረቤቴን የ3 ዓመት ልጅ ግማሽ አካሉ ገብቶ እግሩን ይዤ ጎተትኩት። ማኔጅመንቱ ጋ ሄጄ ስነግራቸው «ገንዳው ዝግ ሆኖ የገባ ሰው ያለ ፈቃድ ነው የገባው፣ አንጠየቅም» አሉኝ። እንዲህ ነው እንዴ እዚህ አገር?
(አንዲት አንባቢ፣ ከሜሪላንድ)

መልስ፦ ጎበዝ ነሽ፣ የጎተትሽበትን እጅ ፈጣሪ ይባርከው።

ሰዎቹ ግማሽ እውነት ነው የነገሩሽ። በብዙ የአሜሪካ ግዛቶች ልጅን የሚስብ አደገኛ ነገር ግቢው ያስቀመጠ ባለቤት፣ ልጁ ሳይፈቀድለት ቢገባም ይጠየቃል የሚል የቆየ መርህ አለ። ሜሪላንድ ይህንን መርህ ካልተቀበሉት ጥቂቶች አንዷ ናት። የማኔጅመንቱ ሰው የሰማው ይህን ሳይሆን አይቀርም።

ያልሰማው ሌላ ነገር አለ። እ.ኤ.አ. በ2014 የሜሪላንድ ከፍተኛው ፍርድ ቤት ከናንተው ካውንቲ፣ ከሞንትጎመሪ የመጣ ጉዳይ አይቷል። የ3 ዓመት ልጅ ነው፣ የአፓርታማ ገንዳ ነው፣ ልጁ ተርፎ አንጎሉ ክፉኛ ተጎዳ። የመጀመሪያው ፍርድ ቤት «ያለ ፈቃድ ነው የገባው» ብሎ ክሱን ዘግቶት ነበር። ከፍተኛው ፍርድ ቤት ግን የገንዳ አጥር ደንቦች የወጡት እንዲህ ያሉትን ትንንሽ ልጆች ለመጠበቅ ስለሆነ ልጁ ባለ ፈቃድ ሆነም አልሆነ ባለቤቱ ግዴታ አለበት አለ። ያንቺ ጎረቤት ልጅና ያ ልጅ በዕድሜ አንድ ናቸው፣ ገንዳውም የአፓርታማ ነው።

በቃል አትንገሪያቸው። ፎቶውን አያይዘሽ ኢሜል ጻፊ፣ ለካውንቲው የጤና መሥሪያ ቤትም ግልባጭ አድርጊ፣ ገንዳዎችን የሚቆጣጠሩት እነሱ ናቸው። ገንዳው ውስጥ ስትገቡ ደግሞ ሥሩ ያለውን የውሃ መምጠጫ ክዳን እዩ። ከተሰበረ ወይም ከሌለ ልጆቹን አውጡ። የቀድሞው የአሜሪካ የውጭ ጉዳይ ሚኒስትር የጄምስ ቤከር የ7 ዓመት የልጅ ልጅ እ.ኤ.አ. በ2002 የሞተችው መምጠጫው ይዞ አስቀርቷት ነው፤ በ2007 በስሟ የወጣው የፌዴራል ሕግ እነዚህ ክዳኖች ሰው የማይዙ እንዲሆኑ ያስገድዳል። እዚያው አገር ከ1 እስከ 4 ዓመት ያሉ ሕፃናትን በመግደል ቀዳሚው መስጠም ነው። የሐበሻ ድግስ ላይ ደግሞ «ሁሉም ያያቸዋል» ተብሎ ማንም አያያቸውም፤ አንድ ሰው በተራ ተመድቦ፣ ስልኩን አስቀምጦ፣ ቢራም ሳይዝ ይቀመጥ።

ጥያቄ፦ ባሕር ዳር አካባቢ አነስተኛ ሎጅ አለኝ። ገንዳዬ 8 በ4 ሜትር ነች፣ ለነፍስ አድን ሙሉ ደመወዝ መክፈል አልችልም። ይህን ሁሉ ካነበብኩ ዘግቼ አሳ ላርባባት እንዴ?
(ባለ ሎጅ)

መልስ፦ ሳቅሁ፣ ግን አሳውም መጥፎ ሐሳብ አይደለም።

አቅምዎ የሚፈቅደውን ልንገርዎ። ገንዳዋን በአራቱም በኩል ይጠሩ፣ በሩ ራሱ የሚዘጋ ይሁን፣ መቆለፊያው ልጅ ከማይደርስበት ከፍታ ላይ ይሁን። ሰው የማይጠብቅበት ሰዓት ዝግ ይሁን፣ «24 ሰዓት ክፍት» የሚለውን ከማስታወቂያዎ ያውጡት። ጥልቀቱን በቀለም ይጻፉ፣ ዛሬ፣ አደጋ ሳይደርስ። ረጅም ዘንግና ተንሳፋፊ ቀለበት ግድግዳው ላይ ይስቀሉ። ሦስት ሠራተኞችዎን ቀይ መስቀል የመጀመሪያ እርዳታ ስልጠና ይላኳቸው። ለሦስተኛ ወገን ጉዳት የሚከፍል መድን ይግቡ፣ ከመግባትዎ በፊት ግን «ገንዳ» የሚለው ቃል ውሉ ውስጥ መኖሩን በዓይንዎ ይዩ።

ነፍስ አድኑን ቅዳሜና እሑድ ብቻ ይቅጠሩት፣ እሱም ይበቃል። በቅጥር ደብዳቤው ላይ ግን አንድ መስመር ይጨምሩ፦ በሥራ ሰዓት ፎጣ አያመጣም።